በአባቴ ለቅሶ ጀርባ የተሠራው ግድግዳ

ጎህ ሳይቀድ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ሰው ካለ እኛ አገር አላደገም ማለት ነው። መርዶ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቼ ሳለ የብረት በሩ ቀስ ተብሎ ሲንኳኳ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ሆዴ አወቀው። አከራዬ ኪራይ ልትጠይቅ ስትመጣ እንደዚያ በትህትና አታንኳኳም።

ከፈትኩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። ከፊታቸው ጋቢያቸውን የተከናነቡት አያ በላቸው ናቸው፤ አክስቴ የምትኖርበት የቁስቋም ሰፈር ዕድር ዳኛ።

«ማን ነው?» አልኳቸው፤ ደህና አደራችሁም አላልኩ።

«እስቲ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ማን ነው? አክስቴ ናት?»

«እሷስ ደህና ናት። የሰው ልጅ መቼም…» ብለው ጀመሩና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «አባትሽ አርፈዋል። አይከል ላይ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውስም። ሴቶቹ ወገቤን ይዘውኝ እንደነበር፣ እኔ «ውሸት ነው! ውሸት ነው!» እያልኩ እንደጮህኩ አከራዬ ናት በኋላ የነገረችኝ። መርዶ የደረሰው ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትርንጎ እባላለሁ። አይከል ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ የሕንፃ ፈቃድ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ከከተማው ተከፋፍሎ ለእኔ የደረሰኝ ክፍል የቁስቋም አካባቢ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ያለበት ስለሆነ የቅርስ ክልል ይባላል። እዚያ ግንብ በሲሚንቶ መጠገን አይቻልም፤ በጥቁር ድንጋይና በኖራ ይሁን፣ ሥዕሉን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፣ ከዚያ የቅርስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስን፣ ይባላል። ሕጉን አልጠላውም፤ ዛሬም አልጠላውም። ያ ፍርስራሽ በብሎኬት ተከቦ ማየት አልፈልግም። ችግሩ ኮሚቴው አይሰበሰብም። አንዱ ሥልጠና ይሄዳል፣ አንዱ ይዛወራል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም።

አክስቴ እታለማሁ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። የቤቷ የጓሮ ግድግዳ በክረምት ዝናብ ተደርምሶ፣ ቀዳዳውን በሸራ ጋርዳ፣ ዳኘው ከሚባለው ልጇ ጋር የፊተኛው ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነበር የሚኖሩት። ማመልከቻዋን ያስገባችው እኔው መስኮት ላይ ነው። በመጣች ቁጥር «ታገሺ አክስቴ፣ ኮሚቴው ይሰብሰብ» እላታለሁ። እሷም «እሺ ልጄ» ብላ ትሄዳለች። በኋላ በኋላ መምጣቱን ተወችው። ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ደመናው መውረድ ጀምሮ ነበር።

አባቴ፣ አያ ጓዴ፣ አይከል እህል ይነግዳል። ያን ሰሞን ወደ አይከል፣ ወደ ጭልጋ የሚወስደው መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ ስልኩም ከተቋረጠ ሰንብቷል። ድምፁን ከሰማሁ ወር አልፎኝ ነበር። በየቀኑ ቁጥሩን እሞክራለሁ፤ ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ስትል እዘጋዋለሁ። ስለዚህ «አርፈዋል» ሲሉኝ ውሸት ነው ብዬ ብጮህም፣ ልቤ አምኗል።

በባጃጅ ቁስቋም አደረሱኝ። ከሩቅ የዕድሩን ድንኳን አየሁት፤ ከአክስቴ አጥር እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግቷል። ደረቴን እየደቃሁ፣ «አባባ! አባባዬ!» እያልኩ ገባሁ። ለቀስተኛው ሁሉ አብሮኝ ተነሳ። አክስቴ ከመደቡ ላይ ስታየኝ ግን ክው አለች። እንደሌሎቹ «ወየው ልጄ!» አላለችም።

«ማን ነገራት?» አለች። «ማን ነው ለልጅቱ የነገራት?»

«ምነው እታለማሁ!» አሉ አያ በላቸው። «አባቷ ሞቶ በሌላ ሰው አፍ ትስማ? እኛው ሄደን አረዳናት።»

አክስቴ ያኔ ነው የጮኸችው። ሰው ወንድሙን አጥቶ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ የእሷ ጩኸት ሌላ ነበር። አንገቴን አንቃ ይዛ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ትለኛለች። ሳታስታምመው ስለቀረች ነው፣ ቀብሩ ላይ ስላልተገኘች ነው ብዬ እኔው አጽናናታለሁ። አያችሁ ጉድ!

ትንሽ ሲረጋጋልኝ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ድንገት ነው አሉ» አለች ዓይኗን ሰብራ።

«ማን አላችሁ? ስልክ የለ፣ መንገድ የለ።»

«አንድ መንገደኛ ነው የነገረን» አለ ዳኘው ከኋላዋ ተሹለክልኮ መጥቶ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ አቧራ አለው።

«ምን ዓይነት መንገደኛ? የት አለ? ልየው።»

«ወዲያው አለፈ፤ ወዴት እንደሄደ አናውቅም።»

«መቼ ነው የተቀበረ? የት ቤተ ክርስቲያን?»

እናትና ልጅ ተያዩ። «ትርንጎ፣ አሁን ይህን ተይው፣ አልቅሺ» አለች አክስቴ። አልቅሺ ይባላል እንዴ? እኔ እያለቀስኩ አይደለም እንዴ?

ከድንኳኑ ጀርባ ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሴቶቹ እንጉርጉሮ ሲያነሱ ይጠፋል፤ እነሱ ዝም ሲሉ እሱም ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። «እንጨት እየፈለጡ ነው» አለችኝ ጎረቤት። ወደ አይከል በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ ብዬ ብነሳ ያዙኝ፤ መንገዱ ደህና አይደለም፣ አንቺንም እንጨምር ወይ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ባልደረቦቼ መጡ። ወሬው ቢሮ ደርሶ ኖሮ ፈቃድ ክፍሉ በሙሉ ተግተልትሎ ገባ። መዝገብ ቤቷ፣ ሹፌሩ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ አለቃዬ አቶ ምስጋናው፤ በሕገወጥ ግንባታ ቀልድ የማያውቅ፣ ለባለ ጉዳይ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ዓይኑ ቀልቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አይዞሽ እህቴ። እኔም አባቴን ያጣሁት በአንቺ ዕድሜ ነው» አለኝ። «ሥራውን ለጊዜው እርሺው። ይህን የቁስቋሙን ክልል እኔ ራሴ እየዞርኩ አይልሻለሁ።»

ይህን ሲል የዳኘው ፊት አመድ መሰለ። ወዲያው ተነስቶ በጓሮ በኩል ወጣ። ምን ነካው ብዬ፣ ፊቴን ልታጠብ በሚል ተከትዬው ወጣሁ።

ጓሮውን ሳየው ባለሁበት ቆምኩ። ተደርምሶ የነበረው ግድግዳ ቆሟል። በብሎኬት። ወገብ ድረስም አይደለም፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። ግንበኛው ሲያየኝ ማንኪያውን አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ዳኘውን።

«ቀስ በይ፣ ይሰሙናል።»

«የአባቴ ለቅሶ ላይ ግድግዳ ትሠራላችሁ? ሬሳው እንኳ ሳይቀዘቅዝ? ሣልስቱን መታገስ አቃታችሁ?»

«ትርንጎ…»

«ለቅሶውን ለግድግዳ ተጠቀማችሁበት!»

«ለቅሶው ነው ለግድግዳው የተጠራ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አያ ጓዴ አልሞተም።»

በጥፊ አጮልኩት። ለምን እንደመታሁት ራሴም አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ተናድጄ። ጉንጩን ይዞ ሁሉንም ነገረኝ። ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ ፈቃዱ አይመጣም። ሐዘን ቤት ደግሞ ተቆጣጣሪ አይገባም፤ ድንኳኑ ከመንገድ ይጋርዳል፣ ልቅሶው የመዶሻውን ድምፅ ይውጣል። ዕድሩ ግን ድንኳን የሚሰጠው ለአባል የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው፤ አክስቴ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከአባቴ በቀር ወንድምም እህትም የላት። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም፣ ማንም ሄዶ አያጣራም። ትናንት ድንኳኑ እንደተተከለ ግንበኛው ሥራውን ጀመረ። እሱ ነው ያሰበው፣ እናቱን ለምኖ ለምኖ እሺ ያሰኛት። ለእኔ እንዳይነገር አስጠንቅቃ ነበር፤ «ልጅቱን እኔው ቀስ ብዬ አረዳታለሁ» ብላ። ሰፈርተኛው ግን አዘነልኝ። ልጅ አባቷ ሞቶ ሳታውቅ ሥራ ስትገባ ማየቱን አልቻለም።

«ስለዚህ አባቴ በሕይወት አለ» አልኩ። የብሎኬት ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«አለ።»

«በምን አወቅህ?»

የሱሪውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ።

«ዳኘው፣ በምን አወቅህ ነው የምልህ! መሞቱን ከማንም ካልሰማህ፣ መኖሩንስ ከማን ሰማህ?»

«ከማንም» አለ።

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል ብዬ ያለቀስኩለትን ሰው አሁን ደህና ነው ብዬ ልደሰትበት አልቻልኩም። ሟርቱ አንዴ በአፋቸው ወጥቷል። ምናልባት እውነት ሆኖ ቢሆንስ? ምናልባት እዚህ ድንኳን ሲተከል እዚያ እሱ አልጋ ላይ ቢሆንስ?

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ልጮህ፣ ሁሉንም ላጋልጥ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አክስቴን አየኋት። ገና ስገባ ሁሉን ማወቄ ገብቷታል። ብናገር ዕድሩ ያባርራታል፣ ቢሮው ያፈርስባታል፣ ሰፈሩ እስክትሞት «ወንድሟን በአፏ የቀበረች» ይላታል። ባልናገር ደግሞ ባለ ሕይወት አባቴን እኔው አብሬ መቅበሬ ነው። አጠገቤ አለቃዬ፣ ጀርባዬ ሕገወጥ ግንብ። «ነፍስ ይማር» ይሉኛል፣ «አሜን» እላለሁ። አሜን ባልኩ ቁጥር ምላሴ ላይ እሬት እንዳለ ይመረኛል።

እንደዚያ እንዳለን የአክስቴ የነፍስ አባት ጥናቸውን ያስያዙትን ዲያቆን አስከትለው ገቡ። ሁላችን ተነሳን። ለሟች ጸሎተ ፍትሐት ሊያደርሱ ነው። መስቀላቸውን አሳልመው ሲጨርሱ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«የወንድምሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እታለማሁ፣ ስሙን ንገሪኝ እንጂ፣ በምን ልጥራው?»

«ረስቸዋለሁ አባ» አለች በማይሰማ ድምፅ።

«የእናትሽን ልጅ የክርስትና ስም?» ተገርመው ወደ እኔ አዩ። «ሐዘን አይደል፣ ይሁን። አንቺ ልጁ ነሽ፤ ስመ ጥምቀቱን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀውም! በየዓመቱ በስሙ ጧፍ አበራለት የለ? ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ያ ስም ዓለማዊ ስም አይደለም። ሰው በእሱ ነው የሚጠመቀው፣ በእሱ ነው የሚቆርበው፣ በእሱ ነው ነፍሱ የሚሰናበተው። ጓዴ ሞተ ማለት የሰው ወሬ ነው፤ የክርስትና ስሙን ለፍትሐት መስጠት ግን በቁሙ ያለን ሰው እግዚአብሔር ፊት ሞቷል ማለት ነው። የሆነ ስም ፈጥሬ ልናገር ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አቶ ምስጋናው እንኳ «አይዞሽ፣ በይ» እያለ ትከሻዬን ነካኝ።

«ስሙ…» አልኩ።

«አትጥሪው!» አክስቴ ከመደቡ ተወርውራ ካህኑ እግር ላይ ወደቀች። «አባ፣ አይጥሩት! ስሙን አይጥሩት! ወንድሜ በሕይወት አለ! እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ለግድግዳ ብዬ፣ ለዚች አፈር ለበላት ግድግዳ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አክስቴ ዞረ። አንዲት ሴት ብቻ፣ ነገሩ ያልገባት፣ እንጉርጉሮዋን ቀጠለች፤ ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ዝም አሰኘቻት። ካህኑ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ወጡ። አቶ ምስጋናው ተነስቶ በጓሮ በኩል ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ አንዳች ነገር አይነበብበትም። «ዛሬ ለሥራ አይደለም የመጣሁት» አለኝና ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አያ በላቸው አክስቴን አዩዋት። «የኛን እንባ!» አሉ። «የኛን እንባ እንዲህ ታደርጊው?» ከዚያ ለወንዶቹ «አንሱ» አሏቸው። ምሰሶው ተነቀለ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ሴቶቹ ይዘውት የመጡትን መሶብ ሳይከፍቱ ተሸክመው ሄዱ። ሸራው ሲጠቀለል ያ ብሎኬት ከመንገድ ድረስ ወለል ብሎ ታየ።

መንገዱ እስኪከፈት ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም። አክስቴ ዘንድ አልሄድኩም፤ ብትደውልም አላነሳሁም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጥቁር ልልበስ አልልበስ እያልኩ እከራከር ነበር። ብለብስ ሟርት ነው፣ ባልለብስ ደግሞ ምናልባት… የመጀመሪያው መኪና ወደ አይከል ሲንቀሳቀስ እኔ እላዩ ላይ ነበርኩ። በየኬላው ሲያስወርዱን፣ ሲፈትሹን፣ ከአይከል የሚመጣ መንገደኛ ባየሁ ቁጥር «አያ ጓዴን ታውቀዋለህ?» ልለው እፈልግና መልሱን እፈራለሁ።

ገበያ ቀን ነበር። ከመኪናው ወርጄ ወደ መጋዘኑ ሳቀና ድምፁን ሰማሁት። ከአንድ ገበሬ ጋር በጤፍ ጆንያ ይጨቃጨቃል፤ «ምነው፣ ይሄ እኮ ግማሹ አሸዋ ነው!» ይላል። ዞር ሲል አየኝ። ዓይኔ እንዳበጠ፣ ጸጉሬ እንዳልተበጠረ አየና ጆንያውን ጣለው።

«ትርንጎ! ምነው ልጄ? ማን ሞተ?»

«አንተ» አልኩት። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እንደገና አዲስ ለቅሶ አለቀስኩ።

ጆንያው ላይ አስቀመጠኝና ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ «ሰው በዛልኝ?» አለ። የክርስትና ስሙ ጋ ስደርስ ሳቁ ጠፋ። አማተበ።

«የእታለማሁ ግድግዳ እስካሁን አልተሠራም እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺ እዚያ ቢሮ ውስጥ እያለሽ?»

የጆንያውን ክር መምዘዝ ያዝኩ።

«ብትልክብኝ ኖሮ መጥቼ ቤቷ ውስጥ እደበቅላት ነበር። ሙት ብትለኝም እሞትላት ነበር» አለ። «ሳትጠይቀኝ ነው የከፋኝ።»

አብሮኝ ጎንደር መጣ። ቁስቋም ስንደርስ እሱን ያዩ ሴቶች ያማትባሉ፤ አንዷ እጁን ጨብጣ ቶሎ አልለቅ አለችው፣ ሙቀቱን ለማረጋገጥ ይመስላል። በየበሩ እየገባ «ስላለቀሳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ አመሰገነ። በእሁዱ የዕድሩ ስብሰባ ላይ አክስቴ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ጎንበስ ብላ ገባች፤ በአገራችን ይቅርታ የሚለመነው እንደዚያ ነው። አባቴ ከጎኗ ቆመ። ከወዲህ ከወዲያ ተነጋገሩ፣ የተቆጣ ተቆጣ፣ የዛተ ዛተ። በመጨረሻ አያ በላቸው ተነስተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላት። «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አሉ፤ እሷ መሬቱን ስማ ተነሳች።

የብሎኬቱ ግድግዳ ፈረሰ። አቶ ምስጋናው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አይቶታል፣ ያየውን አላየሁም ሊል አልቻለም። የማፍረሻው ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ይፈርም ብዬ ለመንኩት፤ «ክልሉ ያንቺ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። አክስቴ እንደ እንግዳ ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆማ አየችን፤ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ አክስቴን ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ጠዋት በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፤ ይህን ያደረገችብኝ እሷ ናት። ግን መስኮቱ ላይ ሆኜ «ይታገሱ» ስል ድሮ ቃሏ ቀላል ነበረች። አሁን ከአፌ ስትወጣ የሰውየውን ፊት አየዋለሁ፤ ይህ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ሊያስብ ነው? ምን ሊያደርግ ነው? እያልኩ። ስለ ኮሚቴው ጽፌያለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ «አንቺ ደግሞ የአክስትሽ ጉዳይ ስለሆነ ነው» ተብያለሁ። እውነታቸውን ነው።

አክስቴ ያን ክረምት በሸራ አለፈችው። ሳል ያዛት፣ እስከ መስቀል አልለቀቃትም። አባቴ ኖራና ድንጋይ ገዝቶ ጓሮዋ ውስጥ ከምሮላታል፤ ሥዕሉንም ባለሙያ ሠርቶላታል። አሁን የሚቀረው አንድ ፊርማ ነው። ዕድሩ ያን የሚያህል በደል በአንድ እሁድ ከሰዓት ይቅር አላት። የእኛ ኮሚቴ ግን ይኸው ሌላ ሰኔ ገብቶ፣ ትናንት ማታም ሲዘንብ አድሮ፣ ገና አልተሰበሰበም።